ምስጢርና ሰዓት፦ የቢትኮይን መሸጋገሪያ ሶፍትዌር እንዴት ይሠራል?

ቢትኮይን ዛሬ በሁለት መንገድ የሚሄድ ገንዘብ ሆኗል። አንደኛው መንገድ እያንዳንዱ ዝውውር ለዓለም ሁሉ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ የሚሰፍርበትና ብሎክቼይን፣ በአጭሩም ሰንሰለት የሚባለው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሁለት ወገኖች በመካከላቸው በያዙት ሒሳብ ላይ ብቻ የሚመዘገበውና ላይትኒንግ በሚባለው መረብ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበለ የሚጓዘው፣ ከሰንሰለቱ ውጭ ያለ ክፍያ ነው። በሁለቱም የሚሄደው ያው አንድ ቢትኮይን ቢሆንም በአንደኛው መንገድ ላይ ያለ ገንዘብ በሌላው መንገድ ለመክፈል በቀጥታ አያገለግልም፤ መሸጋገሪያ ይፈልጋል። ይህን ሽግግር በተጠቃሚው ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ተቀምጦ፣ በተጠቃሚው ስም ከአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ጋር እየተነጋገረ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም የልውውጥ ክላየንት ይባላል።

ስለዚህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ከበስተጀርባው ያለው የምስጢር ቀመር ነው። ቀመሩ ግን በጥቂት መስመሮች ተጽፎ የሚያልቅ ሲሆን፣ ክላየንቱን የሚሠራውን ባለሙያ እንቅልፍ የሚነሣው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም መብራት ሲጠፋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወይም የማስተላለፊያ ዋጋ በድንገት ሲንር ገንዘቡ የት ላይ እንደቆመ የሚያውቅና ሰዓቱ ሳያልፍበት የሚነቃ ፕሮግራም መጻፍ ነው።

ሰንሰለቱና የዱቤ ደብተሩ

ሳቶሺ ናካሞቶ የሚል የብዕር ስም የተጠቀመው ሰው ወይም ቡድን የቢትኮይንን ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2008 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ብሎክ የተመዘገበው ጥር 3 ቀን 2009 ነው። ብሎክ ማለት የዝውውሮች ዝርዝር የሰፈረበት የመዝገቡ አንድ ገጽ ማለት ሲሆን፣ አዲስ ገጽ የሚጨመረው በአማካይ በየ10 ደቂቃው ነው። ገጹ መጠኑ የተወሰነ በመሆኑ መላው መረብ በሴኮንድ ማስተናገድ የሚችለው ጥቂት ዝውውሮችን ብቻ ነው፤ ስለዚህም ገበያው በደራ ጊዜ በገጹ ላይ ቦታ ለማግኘት ላኪዎች በክፍያ ይጫረታሉ፤ ለአንድ ሲኒ ቡና የሚከፈለው የማስተላለፊያ ዋጋም ከቡናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ጆሴፍ ፑን እና ታዴየስ ድራይጃ እ.ኤ.አ. በ2015 ያቀረቡት የላይትኒንግ ሐሳብ ለዚህ ችግር የሰጠው መልስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የሰፈር ሱቅ ደንበኛ ስኳርና ዘይት በወሰደ ቁጥር ጥሬ ገንዘብ አይቆጥርም፤ ባለሱቁ በዱቤ ደብተሩ ላይ እየመዘገበ ይቆይና ወሩ ሲያልቅ አንድ ጊዜ ይተሳሰባሉ። በላይትኒንግም ሁለት ወገኖች በሰንሰለቱ ላይ አንድ ጊዜ ገንዘብ ቆልፈው ቻናል የሚባለውን የጋራ ሒሳብ ይከፍታሉ፤ ከዚያ በኋላ ድርሻቸውን እያሻሻሉ የሚፈራረሙበትን ወረቀት በመካከላቸው ይለዋወጣሉ፤ ወደ ሰንሰለቱ የሚመለሱትም ሒሳቡን ሲዘጉ ብቻ ነው። ልዩነቱ በዱቤው ባለሱቁ ደንበኛውን ማመን ሲኖርበት፣ በቻናሉ ግን ገንዘቡ አስቀድሞ የተቆለፈ መሆኑና ጊዜው ያለፈበትን ወረቀት አውጥቶ ለማታለል የሞከረ ወገን የቻናሉን ገንዘብ በሙሉ በቅጣት ሊያጣ መቻሉ ነው።

ይሁንና ቻናል አንድ የተፈጥሮ ጠባይ አለው። በውስጡ ያለው ገንዘብ በክር ላይ እንደተሰካ የመቁጠሪያ ዶቃ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይገፋል እንጂ ቁጥሩ አይጨምርም። ቀኑን ሙሉ ክፍያ ሲቀበል የዋለ ነጋዴ ዶቃዎቹ ሁሉ ወደ እርሱ ጫፍ ከተሰበሰቡ በኋላ፣ ሀብት እያለው አንድ ተጨማሪ ክፍያ እንኳ መቀበል አይችልም። መፍትሔው ዶቃዎቹን በላይትኒንግ ወደ ሌላ ወገን መልሶ መግፋትና በምትኩ በሰንሰለቱ ላይ ያንኑ ያህል ቢትኮይን መረከብ ነው። በተቃራኒው በሰንሰለቱ ላይ ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው የላይትኒንግ ክፍያ መፈጸም ሲፈልግ ሽግግሩ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይሆናል። የልውውጥ ክላየንት ለሁለቱም አቅጣጫዎች ያገለግላል።

ማን ይቅደም?

በማናቸውም ሰጥቶ መቀበል ውስጥ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ማን ቀድሞ ይስጥ የሚለው ነው። ነጋዴው በላይትኒንግ ቀድሞ ከከፈለ ሌላው ወገን በሰንሰለቱ ላይ መላኩን ሊተወው ይችላል፤ ሌላው ቀድሞ ከላከም ነጋዴው ሊሰወር ይችላል። የተለመደው መፍትሔ ሁለቱም የሚያምኑት ባለአደራ በመካከል ማስቀመጥ ነው፤ ባለአደራው ግን ሊከስር፣ ሊዘረፍ ወይም ሊክድ ይችላል። የልውውጥ ሶፍትዌር ባለአደራውን አስወጥቶ በቦታው ሁለት ነገሮችን ያስቀምጣል፤ ምስጢርንና ሰዓትን።

የምስጢሩ ነገር ከውጭ አገር ዘመድ ገንዘብ ለሚልክላቸው ሰዎች ቅርብ ነው። ላኪው ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ደውሎ የምስጢር ቁጥሩን ይነግራል፤ ተቀባዩም ቁጥሩንና መታወቂያውን በመስኮቱ ላይ ሲያቀርብ ገንዘቡ ይቆጠርለታል። በልውውጡም ቁጥሩን ያወቀ ገንዘቡን ይወስዳል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው የድርጅት ሠራተኛ ሳይሆን ሃሽ የሚባለው ቀመር ነው። ሃሽ ማናቸውንም መረጃ ወደ አጭር አሻራ የሚለውጥ ስሌት ሲሆን፣ ከምስጢሩ አሻራውን ማግኘት ቀላል፣ ከአሻራው ምስጢሩን ማግኘት ግን የማይቻል ያህል ከባድ ነው። ስለዚህ አሻራው በይፋ በመቆለፊያው ላይ ይለጠፋል፤ ምስጢሩን ያቀረበ ሁሉ ቁልፉ በእጁ መሆኑን ያስመሰክራል።

ይህ ምስጢር በተግባር ምን እንደሚመስል ከሚያሳዩ ክንውኖች አንዱ እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 2018 ተፈጽሟል። ላዝሎ ሃንየክዝ እ.ኤ.አ. በ2010 በ10,000 ቢትኮይን ሁለት ፒዛ በመግዛቱ ስሙ የታወቀ የፍሎሪዳ ፕሮግራመር ሲሆን፣ በዚያ ቀን እንደገና ሁለት ፒዛ ገዛ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን የከፈለው በላይትኒንግ 0.00649 ቢትኮይን ነበር። ክፍያውን የተቀበለው ለንደን ያለ ወዳጁ ሲሆን፣ ፒዛውን በአካባቢው ካለ ቤት ያዘዘለትም እርሱ ነው። ክፍያው በተፈጸመ ቅጽበት፣ ተቀባዩ ገንዘቡን ለመውሰድ የገለጠው የምስጢር ቁጥር ወደ ላዝሎ ኮምፒውተር ተመልሶ ደረሰ፤ አድራሹ ሰው ፒዛውን ይዞ በሩ ላይ ሲቆምም ላዝሎ የቁጥሩን የመጀመሪያ አራትና የመጨረሻ አራት ምልክቶች አሳይቶ ተረከበ። የምስጢሩ በእጁ መገኘት መክፈሉን የሚመሰክር ደረሰኝ ነበር። ልውውጥም ይህንኑ ደረሰኝ አንድ እርምጃ ያራምደዋል፤ ደረሰኙ ፒዛ በማስረከብ ፈንታ በሰንሰለቱ ላይ የተቆለፈ ቢትኮይን እንዲከፍት ያደርገዋል።

በአንድ ምስጢር ሁለት መቆለፊያዎችን ማሰር አዲስ ሐሳብ አይደለም። ቲየር ኖላን በሚል ስም የሚታወቅ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2013 በሁለት የተለያዩ ሰንሰለቶች መካከል እንዲህ ያለ ልውውጥ እንዴት እንደሚደረግ ገልጾ ነበር። ሐሳቡን በሰንሰለትና በላይትኒንግ መካከል ወደሚሠራ አገልግሎት በመለወጥ ረገድ ስሙ ጎልቶ የሚጠራው አሌክስ ቦስዎርዝ ሲሆን፣ ስልቱም ሰብማሪን ስዋፕ፣ ማለትም የባሕር ሰርጓጅ ልውውጥ የሚል ስም ወጣለት። ላይትኒንግ ላብስ የተባለው ኩባንያ ሉፕ የሚባለውን አገልግሎት ከነክላየንቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ለሙከራ አቀረበ፤ በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው ቦልትዝም ዛሬ ዋሌት በሚባሉት በብዙ የቢትኮይን መያዣ ፕሮግራሞች ውስጥ ይገኛል። የሁለቱም ክላየንቶች ኮድ ክፍት በመሆኑ ማንም ሰው ሊያነበውና ሊማርበት ይችላል።

ክላየንቱ ደረጃ በደረጃ

ከላይትኒንግ ወደ ሰንሰለት የሚደረገው ልውውጥ የክላየንቱን ሥራ በደንብ ያሳያል። ተጠቃሚው 500,000 ሳቶሺ ወደ ሰንሰለቱ እንዲወጣለት ያዝዛል እንበል፤ ሳቶሺ የአንድ ቢትኮይን መቶ ሚሊዮንኛ ክፋይ ነው። ክላየንቱ መጀመሪያ የሚያደርገው ከሰርቨሩ ጋር መነጋገር ሳይሆን ለብቻው 32 ባይት ርዝመት ያለው የዘፈቀደ ቁጥር ማውጣት ነው፤ ምስጢሩ ይህ ነው። ቀጥሎ ምስጢሩን ሻ-256 በሚባለው ቀመር አሳልፎ አሻራውን ያወጣል፤ ለዚህ ልውውጥ ብቻ የሚያገለግል አዲስ ቁልፍም ያዘጋጃል። ለሰርቨሩ የሚልከው አሻራውን፣ ለማንም ቢታይ ጉዳት የሌለውን የቁልፉን የአደባባይ ክፍልና መጠኑን ብቻ ነው።

ሰርቨሩ በምላሹ በዚያው አሻራ የታሰረ የላይትኒንግ ክፍያ ጥያቄ፣ የራሱን የአደባባይ ቁልፍና ገንዘቡ የሚቆለፍበትን የጊዜ ገደብ ይልካል። እዚህ ላይ ሰርቨሩ የላከውን እንዳለ መቀበል የክላየንት ሠሪ ትልቁ ኃጢአት ነው። ጥሩ ክላየንት የክፍያ ጥያቄው ላይ ያለው አሻራ የራሱ መሆኑን፣ አጠቃላይ ወጪው ተጠቃሚው ከፈቀደው ጣሪያ አለማለፉንና የጊዜ ገደቡ በቂ መሆኑን ይመረምራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመቆለፊያውን ውል ራሱ ከመጀመሪያው አንሥቶ ይጽፍና ከዚያ የሚወጣው አድራሻ ሰርቨሩ ከሰጠው ጋር በእያንዳንዱ ፊደል መግጠሙን ያያል።

ይህ ውል በባለሙያዎች ዘንድ ኤችቲኤልሲ የሚባለው ሲሆን፣ ሁለት በሮች ያሉት ቤት ሆኖ ሊታይ ይችላል። አንደኛው በር ምስጢሩንና የተቀባዩን ፊርማ ላቀረበ ይከፈታል፤ ሁለተኛው በር ደግሞ የተወሰነው የብሎክ ቁጥር እስኪደርስ ተዘግቶ ይቆይና ከዚያ በኋላ ለላኪው ፊርማ ይከፈታል። ክላየንቱ ምርመራውን ከጨረሰ በኋላ በላይትኒንግ ይከፍላል፤ ሰርቨሩ ግን ምስጢሩን ስለማያውቅ ክፍያው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ሰርቨሩ ይህን ሲያይ ቢትኮይኑን በሰንሰለቱ ላይ በውሉ ይቆልፋል፤ ክላየንቱም የተቆለፈው ገንዘብ በብሎክ ውስጥ መስፈሩን አረጋግጦ ምስጢሩን በማቅረብ ይወስዳል። ምስጢሩ በዚህ ጊዜ በአደባባይ መዝገብ ላይ ስለሚታይ ሰርቨሩ አንብቦት ተንጠልጥሎ የነበረውን የላይትኒንግ ክፍያ ይዘጋል።

ክላየንቱ መንገድ ላይ ቢጠፋ ሰርቨሩ ገንዘቡን ቆልፎ ለማስመለስ የሚያወጣው የሰንሰለት ክፍያ ኪሳራ ይሆንበታል። ሉፕ ይህን የሚከላከለው ከዋናው ክፍያ ተለይቶ አስቀድሞ በሚፈጸም አነስተኛ ክፍያ ነው፤ ክላየንቱም ይህን መጠን ከጠቅላላ ወጪው ጋር ለተጠቃሚው ማሳየት ይኖርበታል።

ሰዓቱ

የዚህ ሥርዓት አደገኛ ስፍራ ምስጢሩ የሚገለጥበት ቅጽበት ነው። የጊዜ ገደቡ ሊያልቅ ጥቂት ብሎኮች ሲቀሩት ክላየንቱ ምስጢሩን ቢያወጣና ዝውውሩ በጊዜው በብሎክ ውስጥ ቦታ ባያገኝ ለሰርቨሩ ሁለተኛው በር ይከፈትለታል፤ ያን ጊዜ ሰርቨሩ የቆለፈውን ቢትኮይን መልሶ ይወስዳል፤ አስቀድሞ ባነበበው ምስጢርም የላይትኒንጉን ክፍያ ይወስዳል። ተጠቃሚው ሁለቱንም ያጣል። ስለዚህ ክላየንቱ የማይሻር ደንብ ሊኖረው ይገባል፤ እስከ ገደቡ ድረስ የቀረው ጊዜ ከተወሰነ ቁጥር፣ እንበል ከ20 ብሎክ፣ ካነሰ ምስጢሩን ጨርሶ አይገልጥም፤ ልውውጡን ትቶ የላይትኒንጉ ክፍያ በራሱ ጊዜ እስኪመለስለት ይጠብቃል። ምስጢሩ አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ዝውውሩ እስኪመዘገብ ድረስ የሚከፈለውን ዋጋ በየብሎኩ እየጨመሩ፣ የቀደመውን ዝውውር በተሻለ ክፍያ በአዲስ መተካት ነው።

ዋጋው ምን ያህል ሊንር እንደሚችል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2024 ታይቷል። በዚያ ቀን ማይነር የሚባሉት የብሎክ ጨማሪዎች ሽልማት በግማሽ በተቀነሰበትና ቁጥሩ 840,000 በሆነው ብሎክ ውስጥ ሽልማቱ 3.125 ቢትኮይን ብቻ ሲሆን፣ ላኪዎች በጨረታ የከፈሉት ግን ከ37 ቢትኮይን በላይ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ትንሽ መጠን የቆለፈ ተጠቃሚ ገንዘቡን ለማውጣት ከገንዘቡ የሚበልጥ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። ለዚህም ነው ልውውጥ አነስተኛ የመጠን ወለል የሚኖረው።

ደብተሩ

ክላየንት ሠሪዎች ይህን ሁሉ የሚለማመዱት ሬግቴስት በሚባለው የሙከራ ሰንሰለት ላይ ነው። ይህ በሠሪው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ የሚኖር ዋጋ የሌለው ቢትኮይን ሲሆን፣ ብሎክ ለማግኘት 10 ደቂቃ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ ትእዛዝ ሲጻፍ አንድ ብሎክ ይጨመራል። ሠሪው በአንድ መስኮት ክላየንቱን፣ በሌላው ሰርቨሩን፣ በሦስተኛው ሰንሰለቱን ከፍቶ ልውውጥ ይጀምራል። የላይትኒንግ ክፍያው ይወጣል፤ ሰርቨሩ ይቆልፋል፤ ሠሪው አንድ ብሎክ ይጨምራል፤ ክላየንቱ ምስጢሩን የያዘውን ዝውውር ይልካል፤ በዚያው ቅጽበት ሠሪው ክላየንቱን በኃይል ያጠፋዋል። ከዚያም ብሎኮችን እየጨመረ ሰዓቱን ወደ ፊት ያስሮጥና ክላየንቱን መልሶ ያስነሣዋል። አሁን የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ፕሮግራሙ የት እንደነበረ ያስታውሳልን?

በደብተሩ፣ ማለትም በዳታቤዙ፣ ላይ የሚመዘግበው ዝውውሩን ከላከ በኋላ ከሆነ አያስታውስም። ምስጢሩ ዓለም ያወቀው ሆኖ ሳለ እርሱ ገና አልገለጥኩም ብሎ ያምናል፤ ጊዜው ጠቧል ብሎም ገንዘቡን ሳይወስድ ልውውጡን ይተወዋል። ስለዚህ የክላየንት አሠራር አንደኛ ሕግ ከመላክ በፊት መጻፍ ነው፤ አሻራው ለሰርቨሩ ከመላኩ በፊት ምስጢሩና ቁልፉ በዲስኩ ላይ ይሰፍራሉ፤ ዝውውሩ ከመውጣቱ በፊትም “ምስጢሩ ተገልጧል” የሚለው ደረጃ ይመዘገባል። ፕሮግራሙ ሲነሣ ያልተቋጩ ልውውጦችን አንድ በአንድ አንብቦ እያንዳንዱን ካቆመበት ይቀጥላል፤ የላይትኒንግ ክፍያ ተልኮ ከነበረም ደግሞ ከመክፈል ይልቅ የቀድሞው ምን ላይ እንደደረሰ ይጠይቃል።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከሰንሰለት ወደ ላይትኒንግ በሚደረገው ልውውጥ፣ ቀድሞ የሚቆልፈው ተጠቃሚው ሲሆን፣ ሰርቨሩ የላይትኒንጉን ክፍያ ሳይፈጽም ከቀረ ክላየንቱ ገደቡ ሲያልፍ በሁለተኛው በር ገንዘቡን ማስመለስ አለበት። ብዙ ተጠቃሚዎች የማይጠረጥሩት ጉድጓድ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። አድራሻው የውሉን አሻራ እንጂ ውሉን ራሱን ስለማይዝ ቁልፉ ብቻ ገንዘቡን አያስመልስም፤ የሌላውን ወገን የአደባባይ ቁልፍ፣ የምስጢሩን አሻራና የጊዜ ገደቡን የያዘው ውል በሙሉ መቅረብ አለበት። ስለሆነም ክላየንቱ ተጠቃሚው አንዲት ሳቶሺ ከመላኩ በፊት ይህን ሁሉ የያዘ የማስመለሻ ፋይል ማስቀመጥ ይገባዋል። ቁልፎቹን ከተጠቃሚው የመጠባበቂያ ቃላት በሥርዓት ማውጣት ደግሞ ስልክ ቢጠፋ ቁልፎቹ አብረው እንዳይጠፉ ያደርጋል።

አዲሱ በር

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እያንዳንዱ ልውውጥ ሲጠናቀቅ ውሉ በሙሉ በአደባባይ ይገለጥ ነበር፤ ይህም ቦታ ስለሚይዝ ውድ ነበር፤ መዝገቡን ለሚመረምር ሁሉም ይህ ልውውጥ ነው ብሎ ያሳብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 2021 ሥራ ላይ የዋለው ታፕሩት የተባለው ማሻሻያ ለቤቱ ሦስተኛ በር ከፈተለት፤ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ሙሲግ2 በሚባለው ስልት ፊርማቸውን አዋሕደው እንደ አንድ ሰው ፊርማ ያቀርቡታል፤ ውሉም ሳይገለጥ ይቀራል። በመዝገቡ ላይ የሚታየው እንደ ተራ ዝውውር ነው፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ለክላየንት ሠሪው ግን ይህ በር ሥራ አይቀንስለትም፤ ሰርቨሩ ምስጢሩን ከተቀበለ በኋላ ፊርማውን ቢከለክል ክላየንቱ ሳይዘገይ ወደ ቀደመው በር መመለስ ስላለበት፣ የድሮው መንገድ በሙሉ እንደተጠበቀ መቆየት አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ፣ እንዲህ ያለው ልውውጥ እምነትን አያጠፋም፤ ቦታውን ይለውጠዋል የሚል ነው። ቀድሞ በባለአደራው ላይ የነበረው እምነት አሁን ክላየንቱ ሰዓቱን በመጠበቁና ደብተሩን በመያዙ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ ያለ አንድ ስሕተት ደግሞ የሚካስበት ቢሮ የለውም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መግለጫ በቢትኮይንና በመሰል ንብረቶች ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን ስላሳሰበ፣ ይህ ጉዳይ ለአገር ውስጥ አንባቢ የመገበያያ ሳይሆን የዕውቀት ጉዳይ ነው። ለዕውቀቱ ግን አንዲት ሳቶሺ አታስፈልግም፤ ሬግቴስት በማንኛውም ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ የክላየንቶቹም ኮድ ለአንባቢ ክፍት ነው። ይህን ሙያ መማር የሚፈልግ ወጣት ፕሮግራመር የመጀመሪያ ክላየንቱ አንድ ጊዜ ስለሠራለት አይርካ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አጥፍቶ ያስነሣው፤ ገንዘቡ የት እንዳለም ይጠይቀው።